ሁለት ጊዜ «ዋይ»

ጽሑፌን በጥያቄ ልጀምር። ኮምፒውተራችሁ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብባችሁት ታውቃላችሁ? እውነቱን እንነጋገር ካልን እኔ አንብቤ አላውቅም ነበር። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ሥራችን ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት ተስማምተን ብዙ ዓመት ኖረናል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ማታ ግን፣ እዚሁ ወላይታ ሶዶ በአጎቴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ጥቁር ስክሪን ተመሳሳይ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ጠየቀኝ። እኔም ሁለት ጊዜ «ዋይ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫንኩ። እዚያ ላይ «ዋይ» ማለት «አዎ» ማለት ነው። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለእኔ የገባኝ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

አጎቴ መናኸሪያው አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ማመልከቻ ይጻፋል፣ የቤት ኪራይ ውል ይጻፋል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተማል፤ ግንቦት ሲደርስ ደግሞ የተመራቂ ተማሪዎች የጥናት ወረቀት ይጠረዛል። እኔ ክፍል በሌለኝ ከሰዓትና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አግዘዋለሁ፤ እሱም የባጃጅና የካርድ አያሳጣኝም። ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። ሁለቱ እንደ ነገሩ ናቸው። ከማተሚያዎቹ ጋር የተያያዘችው ሦስተኛዋ ግን ዋናዋ ናት፤ ስሟም «እናትየዋ» ነው። እሷ ከታመመች ቤቱ ይዘጋል።

እናትየዋ የምትሠራው በዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 እንዳቆመ አጎቴም ያውቃል። «ጋሼ፣ ለምን አትቀይረውም?» ስለው ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ይሄን ቤት የሚያኖረው እኮ እዚህ ውስጥ ያለው ነገር ነው።» እውነቱን ነው። የድሮዋ ማተሚያ ድራይቨር እዚያ ነው። ለጉርድ ፎቶ በልኩ ያዘጋጃቸው ገጾች እዚያ ናቸው። የውሉና የማመልከቻው ናሙና እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፓወር ግዕዝ እዚያ ነው።

ስለ ፓወር ግዕዝ ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው በየራሳቸው ፎንት ይሠሩ ነበር። ስለዚህ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ውል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቤት አከራዩም ተከራዩም አይታዩም፤ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። የአጎቴ የብዙ ዓመት ናሙናዎች በሙሉ በዚህ ፎንት የተጻፉ ናቸው። ፋይሉን ለብቻው በፍላሽ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። ፎንቱም፣ ፕሮግራሙም፣ አቀማመጡም አብሮ መሄድ አለበት።

ዲስክ ኢሜጅ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ተራ ባክአፕ ማለት ፋይል ገልብጦ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ቤት ሲለቀቅ ዕቃ እንደ ማውጣት በሉት። ዲስክ ኢሜጅ ግን ቤቱን ከነምሰሶው፣ ከነማገሩ፣ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለው ጃንጥላ ጋር እንዳለ መቅዳት ነው። ዊንዶውሱ፣ ፎንቱ፣ ድራይቨሩ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለው የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ ፎቶ ሳይቀር በአንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሃርድ ዲስኩ ቢሞት አዲስ ተገዝቶ ያ ምስል ይገለበጥበታል፤ ኮምፒውተሩም ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ሥራ ይጀምራል። ድራይቨር ፍለጋ የለ፣ ፓወር ግዕዝ መጫን የለ።

አጎቴ ወጣት ሳለ ኮምፒውተር ይጠግን ነበርና ያኔ በጠጋኞች ዘንድ «ጎስት አድርገው» የሚባል አነጋገር እንደነበረ ይነግረኛል። ጎስት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራ የዲስክ ኢሜጅ ሶፍትዌር ነው። በ1998 ሲማንቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛውና «ኖርተን ጎስት» ሆነ፤ በ2013 ደግሞ ተቋረጠ። ቃሉ በእንግሊዝኛ የሙት መንፈስ ማለት ስለሆነ የሞተ ኮምፒውተር ስለሚያስነሣ የተሰጠው ስም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የረጅም ቴክኒካዊ ስም ምህጻረ ቃል ኖሯል። የኔ ግምት ይሻል ነበር።

እኔ የተጠቀምኩት ግን ክሎንዚላ የሚባለውን ነው። ታይዋን ውስጥ ያለ ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል የሚያዘጋጀው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ከፍላሽ ላይ ነው የሚነሣው። መልኩ አያምርም፣ ማውዝ አይፈልግም፣ ሰማያዊና ግራጫ ሰሌዳ ላይ በቀስት እየወረዱ መምረጥ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የሰፈሬ ልጅ ግንቦት 2016 ላይ አሳየኝና የእናትየዋን 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሙሉውን፣ ሲንም ዲንም፣ ቀዳሁት። ክሎንዚላ ባዶውን ቦታ ትቶ የተያዘውን ብቻ ስለሚቀዳና ስለሚያጨምቅ ምስሉ 70 ጊጋባይት አካባቢ ወጣ። በአጎቴ ኤክስተርናል ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ባትጠይቁኝ ይሻላል። ለደንበኛው ሁሉ «ከአሁን በኋላ እዚህ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም» እል ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

ከግንቦት እስከ ጥር ስምንት ወር ነው። በስምንት ወር ውስጥ ዲ ላይ ብዙ ነገር ተጨመረ። አንደኛው የሰፈራችን ዕድር መዝገብ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ማን የወር መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ፣ ለየትኛው ቀብር ስንት እንደወጣ የያዙበትን ወፍራም ደብተር በክረምቱ አምጥተውልን ነበርና ወደ ኤክሴል አስገባሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየመጡ ያስሞላሉ።

ሁለተኛው የራሴ ነው። ለሬዲዮ ትምህርት የአንድ ሰው ታሪክ ቀርጸን እንድናቀርብ ታዘን ነበር። እኔ ከቦዲቲ ወጣ ብላ ወደምትኖረው አያቴ ሄድኩ። የድምፅ መቅጃ ከትምህርት ክፍላችን ተውሼ፣ ጊፋታ እንዳለፈ፣ በተለያዩ ቀናት ሰባት ጊዜ ቀረጽኳት። ርእሴ በልጅነቷ ጊፋታ እንዴት ይከበር እንደነበር ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ እንደመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋጁለታል፤ ወንዶቹ ለበሬ መግዣ ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ለቅቤ። አያቴ ስትናገር ታላቅ ወንድሟ አጠገቧ ይቀመጣል። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት! እሷ አንድ ነገር ስትል እሱ ያርማታል፣ እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ይስቃል። ሰባቱም ቅጂ በክርክር የተሞላ ነው። ሁሉም በወላይትኛ። ለትምህርቱ ያቀረብኩት አምስት ደቂቃ ብቻ ነውና ክርክሩን እንዳለ ቆርጬ አወጣሁት። «አላስፈላጊ ድምፅ» ብዬ። መምህራችን ጥሩ ውጤት ሰጡኝ።

መቅጃውን መመለስ ስለነበረብኝ ሰባቱን ፋይል እናትየዋ ላይ ዲ ውስጥ ገለበጥኩና ካርዱን አጽድቼ አስረከብኩ። ዲ ሞልቶ ስለነበር ቦታ ለማግኘት አሥር የሚሆኑ የህንድ ፊልሞች አጠፋሁ። ይህችን የህንድ ፊልም ነገር አትርሷት።

ኅዳር ላይ የአያቴ ወንድም አረፈ። ለገና ቤት ስሄድ አያቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «የወንድሜን ድምፅ መቼ ነው የምታሰማኝ?» በሚቀጥለው ስመጣ አልኳት።

ከዚያ ጥር መጣ። የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና ሊደርስ ሲል ጽሕፈት ቤቱ በተማሪ ይጨናነቃል፣ ፍላሽ ከኪስ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ኪስ ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትካት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እናትየዋን የያዛት ግን ከእሱ የባሰ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት መዘግየት ጀመረች፣ አመሻሹ ላይ ዊንዶውስ አልነሣ አለ። አጎቴ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ሄዷል። ዓርብ ጠዋት የሚወሰዱ ሰነዶች አሉ። ስልክ ደወልኩለት። «ያ የቀዳኸው ነገር አለ አይደል?» አለኝ። አለ አልኩት። ድምፄ ራሱ በኩራት የተሞላ ነበር።

ፍላሹን ሰክቼ ክሎንዚላን አስነሣሁ። ኤክስተርናሉን አገኘልኝ፣ ምስሉን አገኘልኝ። ከዚያ ምርጫ መጣ፦ አንዱ «ሪስቶር ዲስክ»፣ ሌላው «ሪስቶር ፓርትስ»። የመጀመሪያው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ምስሉ ወደተነሣበት ቀን ይመልሳል። ሁለተኛው አንዱን ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ ያለበትን ሲን ብቻ፣ መልሶ ዲን አይነካም። የታመመው ሲ ነው። የሚያስፈልገኝ ሁለተኛው ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን መረጥኩ። ለምን? ግንቦት ላይ ስቀዳ «ዲስክ» የሚለውን ስለመረጥኩ፣ ስመልስም «ዲስክ» የሚለው ነው ብዬ ነዋ! ክሎንዚላ በደንብ አስጠንቅቆኛል፤ እዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠይቋል። ዋይ። እንደገና ጠየቀ። ዋይ። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ አልቋል። እናትየዋ ተነሣች። ፓወር ግዕዝ ይሠራል፣ ማተሚያው ይሠራል፣ የአጎቴ ልጅ ፎቶ ዴስክቶፑ ላይ አለ። የሙከራ ወረቀት አተምኩ። እየዘፈንኩ ነበር። የዕድሩን መዝገብ ልይ ብዬ ዲን ስከፍት ፊት ለፊት የተቀበሉኝ እነዚያ አሥር የህንድ ፊልሞች ናቸው። እንዳጠፋኋቸው አስታወስኩ። ለምን ተመለሱ? ብዬ ለጥቂት ሰከንድ ገረመኝ። ከዚያ እጄ ቀዘቀዘ። የዕድሩ ፎልደር የለም። የአያቴ ፎልደር የለም። ዲ ላይ ያለው ግንቦት 2016 ነው። ስምንት ወሩ በሙሉ አልተኖረም።

ምስል ማለት ምስል ነው ለካ። አንድን ቀን ነው የሚይዘው። «መመለስ» የሚለውን ቃል እኔ የጠፋውን ማምጣት አድርጌ ነበር የተረዳሁት፤ ማሽኑ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የሚወስደው፣ ወደዚያ ቀን ይመልስሃል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያፈርሳል። የሚያስቀውና የሚያናድደው ደግሞ ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም። የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

ለሰፈሬ ልጅ ደወልኩ። የሆነውን ነግሬው ሳልጨርስ «አጥፋው!» ብሎ ጮኸብኝ። «አሁኑኑ አጥፋው፣ ሶኬቱን ንቀለው፣ ምንም አትክፈት፣ ምንም አትገልብጥ!» ነቀልኩት። በነጋታው የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈቶ ሃርድ ዲስኩን ብቻ አወጣና ወደ ማደሪያው ይዞት ሄደ። እኔ ደጁ ላይ በር በሩን እየተከተልኩ፣ ሆስፒታል ያለ በሽተኛ ቤተሰብ መሰልኩ።

ያስረዳኝን ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን ለእናንተም ሊጠቅም ይችላል። ክሎንዚላ ሲቀዳ ባዶውን ቦታ እንደሚተው ብዬ ነበር። ሲመልስም እንዲሁ ነው፤ ግንቦት ላይ የተያዘ የነበረው ቦታ ላይ ብቻ ይጽፋል፣ ያኔ ባዶ የነበረውን አይነካውም። ስለዚህ ከግንቦት በኋላ የገባ ፋይል ያኔ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ስሙና አድራሻው ይጠፋል እንጂ ሥጋው እዚያው አለ። (ይህ የሚሆነው እንደኛ ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ በኤስኤስዲ ላይ ተስፋው እጅግ ይጠባል።) ነገር ግን ፋይሉ የተቀመጠው ግንቦት ላይ ሌላ ነገር በነበረበትና በኋላ በተለቀቀ ቦታ ላይ ከሆነ አለቀ፤ የድሮው ባለቤት ተመልሶ ላዩ ላይ ተጽፎበታል።

የድሮው ባለቤት ማን ነው? የህንድ ፊልሞቹ! ቦታ ለመልቀቅ ያጠፋኋቸው ፊልሞች ተመልሰው መጥተው፣ የአያቴና የወንድሟ ድምፅ ላይ ቁጭ ብለዋል። የቱ ላይ እንደተቀመጡ፣ የቱ እንደተረፈ የሚታወቀው ሲፈለግ ብቻ ነው።

ፍለጋውም በቀጥታ ዲስኩ ላይ አይደረግም። መጀመሪያ ዲስኩ እንደገና ይቀዳል፤ ግን በዚህ ጊዜ እንደ ግንቦቱ አይደለም፣ ባዶ የተባለውንም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ጥግ እስከ መጨረሻው ጥግ። የምንፈልገው ያለው ባዶ የተባለው ቦታ ውስጥ ነውና። አንድ መምህራችን አንድ ቴራባይት ኤክስተርናል አዋሱኝ። ጓደኛዬ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ፕሮግራም አስነሣና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። 500 ጊጋባይት በዚያ ገመድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ሲቆይ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ግን የራሱ መብራት ስለሚፈልግ ጸጥ አለ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ጓደኛዬ ግን ሻማ እየፈለገ «አይዞህ፣ የት እንደደረሰ ይጽፋል» አለኝ። እውነትም ፕሮግራሙ የደረሰበትን በትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ። ዳሞታ ተራራ ላይ ሲነጋጋ ቅጂው አለቀ።

ከዚያ ፎቶሬክ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም በቅጂው ላይ ሠራን። ይህኛው የፋይል ስም አያውቅም፣ ፎልደር አያውቅም። የእያንዳንዱ ዓይነት ፋይል አጀማመር እንዴት እንደሆነ ብቻ ስለሚያውቅ ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ እያሰሰ «ይሄ ፎቶ ይመስላል፣ ይሄ ድምፅ ይመስላል» እያለ ያወጣል። ከዘጠኝ ሺህ በላይ ፋይል አወጣልን። ስማቸው ሁሉ አንድ ፊደልና ረጅም ቁጥር ነው። መዝሙር አለ፣ ዘፈን አለ፣ የማናውቀው ሰው የሠርግ ፎቶ አለ (ይህን አይተን ዘጋነው)፣ ግማሽ የሆነ የጥናት ወረቀት አለ። እኔ የድምፅ ፋይሎቹን በመጠን ደርድሬ በጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርኩ። ፈተና ነበረብኝ፤ ያን ሰሞን ያጠናሁት ነገር ትዝ አይለኝም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ማታ ሁለት መቶኛው ላይ ይሁን ሦስት መቶኛው፣ እንጃ፣ «ሳሮ» ብላ ስትጀምር ሰማኋት። ዶርም ውስጥ ጮህኩ። ጓደኞቼ ውጤት የተለጠፈ መስሏቸው ተነሡ።

ከሰባቱ አራቱ ሙሉ ተገኙ። አንደኛው አሥራ አንድ ደቂቃ ሄዶ ይቆረጣል። ሁለቱ የሉም።

የዕድሩን መዝገብ በተመለከተ የኤክሴል ፋይሉ ተሰባብሮ ነው የወጣው፣ አልከፈት አለ። ለጸሐፊው መንገር ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። ሰው ሁለት መቶ ብር ከፍሎ «አልከፈልክም» ሲባል ምን እንደሚሆን የዕድር ሰው ያውቃል። ቤታቸው ሄጄ ቆሜ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ገቡና ያንኑ ወፍራም ደብተር ይዘው ወጡ። ከክረምቱ ወዲህም አልተዉትም ኖሯል፤ እኛ ጋ እያስጻፉ ማታ ማታ ደግሞ በእጃቸው እዚያው ደብተር ላይ ይሞሉ ነበር። «ያንተን ሳልንቅ ነው» አሉኝ፣ «ግን መብራት ይጠፋል ብዬ ነው።» ስምንቱን ወር ከደብተሩ እንደገና ጻፍኩላቸው። ሒሳብ አልተቀበልኩም።

በነገራችን ላይ የእሳቸው ዘዴ ትልልቆቹም የሚጠቀሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ተቀድተዋል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ፣ የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት እዚያ ሆነው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። አንዱ ቤት ሌላው ባሕር ማዶ። የኔ ምስልና የኔ ኮምፒውተር ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሌባ ቢገባ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ይዞ ይወጣ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሳላስብ ነው «የሚጠፋ ነገር የለም» እያልኩ የፎከርኩት።

አሁን ለእናትየዋ የማደርገውን ባጭሩ ልናገር። ምስል የምቀዳው የሲን ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱና ፓወር ግዕዙ በቶሎ ስለማይለወጡ በሴሚስተር አንዴ ይበቃል። ዲ ላይ ያሉት ሰነዶችና ድምፆች ግን በየቀኑ ስለሚጨምሩ ቅዳሜ ማታ ማታ እንደ ተራ ፋይል ይገለበጣሉ። አንዱ ቅጂ ቦዲቲ አክስቴ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ምስሉንም ቀድቼ ዝም አልልም፤ ሥራ በሌለበት ቀን በአሮጌ ትርፍ ሃርድ ዲስክ ላይ መልሼ እንደሚነሣ አያለሁ። ትርፉ ዲስክ ከዋናው ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ክሎንዚላ እንዲሁ አይቀበልም። ጥያቄ ሲመጣም ጣቴን አንሥቼ አነባለሁ። አጎቴ ይስቅብኛል፤ «ለደብዳቤም እንደዚህ ብታነብ የፊደል ግድፈት ባልኖረ» ይላል።

አያቴ ጋ የሄድኩት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ስልኬ ላይ አራቱንና ቁራጯን ይዤ፣ ትንሽ ስፒከር ተውሼ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር ብዬ፣ ከተቀረጸው ሁለቱ እንደሌለ ለማስረዳት «ዳታው ጠፋ» አልኳት። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። እሷ የምታውቀው ዳታ ለሥጋ የሚሆነውን፣ ከቃሪያና ከዝንጅብል የሚፈጨውን ነው። «ዳታ ካለቀ ሌላ ይፈጫል፣ ለዚህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?» አለችኝና አክስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አራቱን ዝም ብላ ሰማች። ወንድሟ ሲስቅ እሷም ትስቃለች፣ ሲያርማት እጇን ታወናጭፋለች። መጨረሻ ላይ ቁራጯን ከፈትኩ። እሷ ራሷ እንዲህ ስትል ይጀምራል፦ ልጅ ሳለች አንድ ዓመት ለጊፋታ አባታቸው የገዙት በሬ ዳልቻ ነበር። ወንድሟ ወዲያው ጣልቃ ይገባል፤ ጥቁር ነው እንጂ ይላል። ዳልቻ ነው ትላለች። ጥቁር ነው፣ እኔ ነኝ ገመዱን ይዤ የጎተትኩት ይላል። አንተ ያኔ ከብት አትጠብቅም ነበር ትላለች። እሱ ይስቅና «ስሚኝ እንጂ፣ ያ በሬ እኮ...» ብሎ ሳይጨርስ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ይቆረጣል።

ጸጥ አለ። ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሌላ የለም አልኳት። ትንሽ ጠበቀችና ስፒከሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጋ፣ ሰው እንደሚያናግሩ ሆና፣ «ዳልቻ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መቅጃውን እንዳወጣ በእጇ አሳየችኝ፤ የበሬውን ነገር ከመጀመሪያው ልትነግረኝ ነው።